ኮከብ የሌለበት እሑድ

በማተሚያ ቤታችን «ምናልባት» ብለን የምንጠራው ሰው አለ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ታሪኩን ለመናገርም ከማንም በላይ መብት አለኝ። በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ፣ እሱ በመስኮቱ በኩል እኔ በበሩ በኩል ተቀምጠን ስንነታረክ፣ አንቱታው በየት በኩል እንደወጣ ሳናውቀው ወጥቶ ሄደ። ደህና ስንሆን ጋሼ እለዋለሁ፤ ሲያበግነኝ ምናልባት።

ሥራው አራሚነት ነው። ታትሞ የሚወጣ ነገር ሁሉ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ ይሁን የዳቦ ቤት ካርቶን፣ መጀመሪያ በእሱ ቀይ እርሳስ ሥር ያልፋል። ከልቡ የሚወደው ሥራ ግን አንድ ነው፤ በየዓመቱ አራት ሺህ ቅጂ እያተምን በከተማው ግድግዳ ሁሉ የምንሰቅለው የቀን መቁጠሪያ። ቀኖቹን ከበዓላቱ ጋር የሚያገጣጥመው እሱ ብቻውን ነው። እኔ ጠራዥ ነኝ፤ ወረቀቱን እበሳለሁ፣ ጥቅልል ሽቦውን አስገባለሁ፣ መስቀያውን እቆልፋለሁ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በእጄ ያላለፈ ቀን የለም፤ ግን ቀዳዳውን እንጂ ቀኑን አይቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ጣት እንዳይቀሰርብኝ ነው።

ገና አዲስ ገብቼ ሳለሁ፣ ምሳችንን እየበላን፣ በዓል ለምን በየዓመቱ ቦታ እንደሚቀያይር ጠየቅኩት። ጉርሻውን ዋጥ አደረገና ማስረዳት ጀመረ።

«በፀሐይ የሚቆጠረው፣ የፀሐዮቹ በዓል፣ ምስማር ነው፤ አንዴ ግድግዳው ላይ ተመትቷል፣ በየዓመቱ እዚያው ታገኚዋለሽ። የጨረቃ ዓመት ግን ከፀሐይ ዓመት አሥራ አንድ ቀን ያንሳል። ስለዚህ የጨረቃዎቹ በዓል በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አንዳንዴም አሥር። ሦስተኛው ዓይነት ሁለቱንም የሚያስፈቅድ ነው። ፀሐይ ቀኑንና ሌሊቱን እኩል ታደርጋለች፣ ከዚያ ጨረቃ ትሞላለች፣ ከዚያ የሚመጣው እሑድ ይጠበቃል። እሱ በገመድ የታሰረ ፍየል ነው፤ ይዞራል እንጂ ከግቢ አይወጣም።»

«የጨረቃዎቹስ?»

«እሱ ገመዱን በጥሶ የሄደው ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በእኛ ክፍል ሰው ሃይማኖቱ አይጠየቅም፤ በዓልህ በፀሐይ ነው በጨረቃ እንባባላለን፤ መልሱን ሰምተን ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

እንግዲህ የጨረቃዎቹ በዓል ጨረቃ በዓይን ካልታየች አይገባም። በሒሳብ እሑድ ይሁን እንጂ ቅዳሜ ምሽት ሰማዩ ላይ ካልታየች ወደ ሰኞ ይገፋል። ስለዚህ አራሚያችን ቀኑ አጠገብ ትንሽ ኮከብ ያደርግና ከገጹ ግርጌ «ጨረቃ ከታየች በዚህ ቀን፤ ካልታየች በማግሥቱ» ብሎ ይጽፋል። ሥራ አስኪያጃችን ይህን ኮከብ እንደ ጥርሱ ሕመም ይጠላው ነበር። በየዓመቱ ናሙናውን ይዞ ይመጣል። «ይሄ የቀን መቁጠሪያ ነው ወይስ የግምት መቁጠሪያ? ሰው ቁርጡን ማወቅ ይፈልጋል።» አራሚው ቀና ሳይል «ጨረቃዋን ይጠይቋት» ይለዋል። ኮከቡም ይታተማል።

ችግሩ ኮከቡ ከወረቀቱ ላይ ወርዶ ሰውዬው ላይ መውጣቱ ነው። ነገ ትመጣለህ ወይ ሲባል «ጨረቃ ከታየች»። ሻይ ይምጣልህ ሲባል «ምናልባት»። ሐኪም የቱ ጋ ነው የሚያምዎት ቢለው ሁለት ቦታ አሳይቶ «ከሁለቱ አንዱ» ያለ ሰው ነው። ባለቤቱ እንደነገረችኝማ፣ ያኔ በጉብዝናው ዘመን፣ ታገቢኛለሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም፤ «የምታገቢኝ ይመስልሻል?» ነው ያላት። እሷም «ይመስለኛል» አለችውና ይኸው እስካሁን እየመሰላቸው አብረው አሉ።

ልጃቸው አንዲት ናት፤ መልኳን ከአባቷ ስትወስድ ኮከቡን ትታለታለች። መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጣ «ይሄኛው ይጠራል ወይስ ይሄኛው?» ስትል ትውላለች፤ መልስ ካላገኘች ደግሞ አትለቅም። የአባቷን ዓይን ለመለካት ሦስት ቀን ፈጅቶባታል። «ይሄኛው ወይስ ይሄኛው?» ትለዋለች። «ሁለቱም የየራሳቸው መልካም ጎን አላቸው» ይላታል።

ባለፈው ዓመት አጋማሽ ላይ ነው፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መጣችና ጠረጴዛው ፊት ቆመች። ወዳጇን፣ ማቀዝቀዣ የሚጠግነውን የልብስ ሰፊውን ልጅ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቤተሰቡ ከጨረቃዎቹ ወገን ነው።

«አባዬ፣ ልንጋባ ነው» አለችው።

«ጨዋ ልጅ ይመስላል።»

«ደስ ብሎሃል?»

እርሳሱን አነሳ፣ አስቀመጠ። «እንግዲህ… ጨረቃ ከታየች» አለ።

ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ በሳቅ ፈረስን። እሷ ግን አልሳቀችም። አባቷን ትንሽ አየችውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይሁን። ደስታህን መናገር ካቃተህ ቢያንስ ቀኑን ስጠን። የእነሱም የእኛም በዓል ያልነካው አንድ ቀን። ኮከብ ግን አታድርግበት፤ ካደረግህበት አልቀበልህም።» ይህን ብላ ወጣች።

በጣም ተናደድኩበት። ምክንያቱም ደስ ብሎት እንደነበር አውቃለሁ። ልጁ አንድ ጊዜ ማቀዝቀዣቸውን ሲጠግን ብልሽቱ ከምን እንደመጣ ከስሩ ጀምሮ አስረድቶት ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ስለዚያ ልጅ አእምሮ ስሰማ ከርሜያለሁ። ለእኔ ያወራውን ለገዛ ሴት ልጁ መንገር ምን ይከብዳል? ይህንኑ ስለው «ሰው ደስ ብሎሃል ወይ ተብሎ በድንገት ሲጠየቅ ይቸገራል» አለኝ። ተውኩት።

ሦስት ቀን አስቦ ቀኑን ሰጣት። ቁራጭ ወረቀት ላይ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሰባት ቀን ሲቀረው ያለችውን እሑድ ጻፈ። ኮከብ የለ፣ ግርጌ ማስታወሻ የለ። መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ አድርጎ ነጥቡን ሁለት ጊዜ አደመቀው። ልጅቷ ወረቀቱን መነጽር ቤቱ መስታወት ጥግ ላይ ሰክታው ደንበኛ ሁሉ ሲያነበው ነበር። አዳራሽ ተያዘ፣ የጥሪ ካርዱን እኛው አተምን፣ ግማሹም ታደለ።

ሰርጉ ሰባት ሳምንት ሲቀረው ልብስ ሰፊው፣ የሙሽራው አባት ማለት ነው፣ ወደ ክፍላችን ገባ። መለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ ጠመኔው ጆሮው ላይ፣ የእኛ የቀን መቁጠሪያ ብብቱ ሥር። አራሚው የሚመጣውን ዓመት ሊጀምር እርሳስ እየቀረጸ ነበር። ሁለቱ ከተዋወቁ ጀምሮ በመከባበር ብዛት አንዳቸውም ቀድመው በር ገብተው አያውቁም፤ ወንበር ላይ ለመቀመጥ እንኳ ደህና ጊዜ ፈጀባቸው።

«ሥራ ስላስፈታሁዎት ይቅርታ» አለ ልብስ ሰፊው። «ሰው የበዓል ልብስ እያዘዘኝ ነው።»

«መልካም ነው።»

«ለመቼ ስላቸው የልጆቻችንን የሰርግ እሑድ ይነግሩኛል። የመጀመሪያው ሲለኝ ተሳስቷል አልኩ። አሁን አሥራ አራት ሆኑ።»

አራሚው ፈገግ ብሎ መሳቢያውን ከፈተና ካርቶኑን አወጣ። ይህ ካርቶን ከእሱ በፊት ከነበረው አራሚ የወረሰው ነው። የበዓላት ሁሉ ስም ከላይ እስከ ታች ተጽፎበት እያንዳንዱ አጠገብ አንድ አንድ ሣጥን አለው። በዓሉን ወሩ ውስጥ ሲያስገባ ሣጥኑ ላይ ምልክት ያደርጋል። ሣጥኖቹ ሁሉ ምልክት ካገኙ ዓመቱ ሞላ፣ ወደ ማተሚያው ሄደ ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ሲያደርግ አንድም በዓል ጠፍቶበት አያውቅም።

«ይኸው፣ የእናንተ ገብቷል» አለ። «በመጀመሪያው ወር፣ በአራት፣ ረቡዕ ዕለት።»

«እሱንማ አከበርነው። እኔ የምለው የሚቀጥለውን ነው።»

«የሚቀጥለው የሚመጣው ዓመት ውስጥ ነው። አሁኑኑ ላሳይዎት።»

አዲሱን ባዶ ገጽ ዘረጋ። ሥራው ቀላል ነው፤ ካለፈው በዓል ቀን ላይ አሥራ አንድ መቀነስ ብቻ። እርሳሱን አራት ላይ አሳረፈና ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ከዚያ ገጹ አለቀ። እርሳሱ አየር ላይ ቆመ። ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ ብብቱ ሥር የያዘውን የዘንድሮውን የቀን መቁጠሪያ የመጨረሻ ገጽ ገልጦ ከጎን አቀረበለት። አራሚው እዚያ ላይ ተሻገረና የቀረውን ቆጠረ። አሥራ አንድ ሲል የእርሳሱ ጫፍ የሰርጉ እሑድ ላይ ነበር።

መነጽሩን አወለቀ። አደረገው። እንደገና ቆጠረ። ፊቱ እንደ ወረቀቱ ነጣ፤ ተነስቼ ውኃ አመጣሁለት።

«በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ» አለ፣ ለራሱ። «መጀመሪያው ላይም መጨረሻው ላይም።»

ነገሩ በኋላ ሲገባኝ እንዲህ ነው። የጨረቃዎቹ በዓል በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሄደ የዓመቱን መጀመሪያ ጫፍ ሲነካ፣ የሚቀጥለው ዓመት ሳይጠባ ተመልሶ ይመጣል። ይህ በሠላሳ ሁለት ወይም በሠላሳ ሦስት ዓመት አንዴ የሚሆን ነው። የፊተኛው አራሚ አይቶት ነበር፤ የእኛው ወንበሩን የተረከበው ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ነው። እሱ ሥራ ሲጀምር በዓሉ ዓመቱ ማለቂያ ገደማ ነበር፤ እንግዲህ ዕድሜውን ሙሉ እግር በእግር ተከትሎት ዓመቱን አንድ ዙር ዞሯል። ዙሩ የተዘጋበትን ቀን ሳተው፤ ሣጥኑ አንድ ነው፣ ምልክቱ ተደርጎበታል፣ ምልክት ያለበትን ሣጥን ደግሞ ማን ዞሮ ያያል።

«ቀኑን ስሰጥ ለምን አልነገሩኝም?» አለ ልብስ ሰፊውን።

«ጠርጥሬ ነበር» አለ ልብስ ሰፊው፣ በጣም አፍሮ። «ግን እኔ የሰው ትከሻ ነው የምለካው። ቀን የሚለኩት እርስዎ ነዎት። ሙያዎ ውስጥ መግባት ነውር መሰለኝ።»

ሁለቱንም በዚያ ሜትር አንድ ላይ አስሬ መስኮት ላይ ልሰቅላቸው ቃጣኝ።

መነጽር ቤት አብሬው ሄድኩ። ብቻውን ብለቀው «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» ብሎ ጀምሮ እስኪመሽ እዚያው እንደሚዞር አውቃለሁ። ልጅቷ አንዲት ደንበኛ ሸኝታ ዞር ስትል አባቷ ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ ነበር።

«ተሳስቻለሁ» አላት። ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ሣጥኑን፣ አራቱን፣ አሥራ አንዱን። አንድም ምናልባት አልነበረበትም። እኔ ራሴ ደነገጥኩ።

ልጅቷ መስታወቱ ጥግ ላይ ያለውን ወረቀት አየችው። በበዓላቸው ቀን የሙሽራው ዘመዶች ሁሉ ከየቤተሰባቸው ማዕድ ተነስተው እንደማይመጡ ልንነግራት አላስፈለገንም።

«በሕይወትህ አንድ እርግጠኛ ነገር ንገረኝ ብልህ» አለች፣ «እሱም ስህተት ሆነ።»

አባቷ ኮፍያውን በእጁ ያዞራል። እሷ ንጹሑን መነጽር አንስታ ትወለውለው ጀመር። አንጀቴን በላችኝ፤ እሱም በላኝ። ኋላ ቀና ስትል ግን ያቺው የምናውቃት ልጅ ነበረች።

«በዓሉ እሑድ ከሆነ ሰርጉ ሰኞ፣ በዓሉ ሰኞ ከሆነ ሰርጉ ማክሰኞ። አዳራሽ እንዲህ ያለ ቀጠሮ አይቀበልም፤ ሌላ ቦታ ፈልግልኝ። የጥሪ ካርዱ ላይም ኮከብህን አድርግበት።»

ቦታው የማተሚያ ቤቱ የወረቀት መጋዘን ሆነ። ሥራ አስኪያጁን ስንለምነው ስለ ኮከቡ ያለፈውን ሁሉ አንስቶ እንደሚወቅሰን ጠብቀን ነበር፤ እሱ ግን «ቅዳሜ ጥቅል ወረቀቱን ታወጣላችሁ፣ ረቡዕ ትመልሳላችሁ» ብሎ ቁልፉን ሰጠን። አዲሱን የጥሪ ካርድ አራሚው ራሱ አዘጋጀው። ግርጌው ላይ «ጨረቃ ቅዳሜ ምሽት ከታየች ሰኞ፤ ካልታየች ማክሰኞ» ይላል። ዘጠኝ ጊዜ ሲያርመው ቆጥሬያለሁ። የተጠሩት ሁሉ የማተሚያ ቤት ቀልድ መስሏቸው ነበር፤ ሙሽራዋ ለእያንዳንዱ ደውላ አስረዳች።

ከዚያ ደግሞ በየግድግዳው የተሰቀሉት የአራቱ ሺህ የቀን መቁጠሪያዎች ነገር ተነሳ። ሥራ አስኪያጁ «ሰባት ሳምንት ነው የቀረው፣ ማን ያየዋል፣ ዝም በል» አለው። አራሚው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ከሥራ በኋላ በየግድግዳው ይዞር ጀመር። እኔም አብሬው ዞርኩ፤ የጠረዝኩት እኔ ነኝና። ፀጉር አስተካካይ ቤት ይገባል፣ ፀጉሩን የሚቆረጠውን ሰው ይቅርታ ይጠይቃል፣ ወንበር ላይ ይወጣል፣ እሑዷን በቀይ ያከብባል፣ ኮከብ ያደርጋል፣ ግርጌውን ይጽፋል። ክሊኒክ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች አዲስ ሐኪም መስሏቸው ተነስተው ተቀበሉት። አንዲት አሮጊት ቀጠሮዋን እንዲያቀርብላት ለመነችው። «የእኔ ሥልጣን በዓል ላይ ብቻ ነው» አላት። ሁሉንም አላዳረስንም፤ ግን ወደ ሦስት መቶ ግድግዳ ዘልቀናል።

በዚህ ሁሉ መካከል ልጅቷ ያችን ጥያቄ ደግማ አልጠየቀችውም። ሰላም ትለዋለች፣ ምሳ በልተሃል ወይ ትለዋለች፣ ሥራ ታዘዋለች። ደስ ብሎሃል ወይ ግን አላለችም። እሱም እንዳልጠየቀችው ያውቃል። አንዳንዴ እርሳሱን ይዞ ባዶ ወረቀት ላይ ሲፈዝ አየዋለሁ።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ አራታችን የማተሚያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣን። ታች መጋዘኑ ውስጥ ወንበሮቹ ተደርድረዋል፤ ሙሽራው አምፖል እየሰቀለ ነው። ልብስ ሰፊው ከዚህ ወገን፣ አራሚው ከዚያ ወገን፣ ሙሽራዋና እኔ መሃል። ፀሐይ ጠልቃለች። በምዕራብ በኩል እንደ ቆሸሸ ጥጥ ያለ ደመና ተኝቷል። ልብስ ሰፊው ዕድሜ ልኩን ክር በመርፌ ሲያስገባ የደከመ ዓይኑን ያጨነቁራል፤ አራሚው መነጽሩን በሸሚዙ ይጠርጋል። ዕድሜውን ሙሉ «ጨረቃ ከታየች» ሲል የኖረ ሰው ጨረቃ ለማየት ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ያን ዕለት ነው የነገረን። እስኪበቃኝ ሳቅሁበት።

«ጠርዙ ላይ አንድ ነገር ያለ ይመስላል» አለ ልብስ ሰፊው።

«የሽቦ ምሰሶ ነው» አለች ሙሽራዋ።

ደመናው መነቃነቅ አልፈለገም። ያኔ አራሚው ዓይኑን ከሰማዩ ሳያነሳ ተናገረ።

«ያን ጊዜ የጠየቅሽኝ ነገር ነበር።»

«የቱ?»

«ደስ ብሎሃል ወይ ያልሽኝ።»

ልጅቷ ዞር አለች።

«ደስ ብሎኛል» አላት።

ልጅቷ ወደ ሰማዩ አየች፣ ወደ አባቷ አየች። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይሁን እንባዋን የምትይዘው አልለየሁም።

«ገና አልታየችም እኮ፣ አባዬ።»

«ባትታይም» አላት።

ሰርጉ ማክሰኞ ሆነ።